«ማን» ለማለት «ወዴት»

ፀሐይ ጠልቃ ጨለማው ገና ሳይከብድ ያለችውን አጭር ሰዓት ጃፓኖች «ታሶጋሬ» ይሏታል። እኛ «ለዓይን ያዝ ሲያደርግ» የምንላት ሰዓት መሆኗ ነው። ዛሬ ቃሉ ያው የምሽት ስም ነው፤ የሚናገረውም ሰው ቆም ብሎ አያስብበትም። ዘር ማንዘሩ ሲመረመር ግን ስም ሳይሆን ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። «ታ» የጥንቱ «ማን» ነው፤ «ሶ» አጽንዖት ትሰጣለች፤ «ካሬ» ደግሞ «ያ» ማለት ነው። ሲገጣጠም «ያ ማነው?» ይሆናል። ከማዶ የሚመጣው ሰው መልኩ የማይለይበት፣ ወዳጅ ይሁን ባዕድ ሳይጠይቁ የማይታወቅበት ሰዓት ስለሆነ፣ ጥያቄው ራሱ የሰዓቱ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ጎሕ ሲቀድ ያለውም ድንግዝግዝ «ካዋታሬ» የሚባል ስም አለው፤ ቃላቱ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ እርሱም ያው «ያ ማነው?» ነው።

ጃፓንኛ በማጠናበት ዘመን ይህን ፍቺ ካገኘሁ ወዲህ፣ የዚያን ቋንቋ የጥያቄ ቃላት እንደ አንድ የሰዋስው ምዕራፍ ብቻ ማየት አልቻልሁም። መማሪያ መጻሕፍቱ ነገሩን በሁለት ዓምድ ከፍለው ያስቀምጡታል፤ በአንዱ ወገን ለወዳጅ የሚነገረው፣ በሌላው ወገን ለተከበረ ሰው የሚነገረው። ተማሪውም ሸምድዶ ያልፋል። ከዓምዱ በስተጀርባ ግን ከሺህ ዓመት በላይ የፈጀ አንድ ጭንቀት አለ፦ ሰውን ሳይነኩት እንዴት ይጠይቁታል?

ዛሬ አንድ ጃፓናዊ «ማን?» ለማለት ቢያንስ አራት በር አለው። የታችኛው «ዶይትሱ» ነው፤ «ማን አባቱ ነው?» እንደማለት ያለ፣ ቁጣና ንቀት የተቀላቀለበት። (የጀርመን አገር ስምም በጃፓንኛ «ዶይትሱ» ነው፤ እርሱ ግን በሆላንድኛ በኩል የገባ ሌላ ቃል ስለሆነ ጀርመኖች ቅር አይበላቸው።) ከዚያ በላይ «ዳሬ» አለ፤ ለጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወንድም፣ ሰው ለብቻው ሲያስብም ለራሱ የሚለው። ከእርሱ ከፍ ብሎ «ዶናታ» አለ፤ በር ሲንኳኳ፣ እንግዳ ሲመጣ። ከሁሉ በላይ «ዶቺራ ሳማ» አለ፤ በመሥሪያ ቤት ስልክ የሚያነሳ ሰው የደዋዩን ማንነት የሚጠይቅበት። «ሳማ» የክብር ቅጥያ ነው፤ «ክቡር» ወይም «ጌታዬ» ብንለው ያስኬዳል። «ዶቺራ» ግን «ማን» ማለት አይደለም። «በየት በኩል፣ ወዴት አቅጣጫ» ማለት ነው። ጠያቂው ቃል በቃል የሚለው «ክቡር ወዴት ነዎት?» ነው።

ይህ ነው እኔን ከሁሉ አስቀድሞ ያስገረመኝ። ከፍ ወዳለው በር በወጡ ቁጥር ጥያቄው ከሰውየው እየራቀ ይሄዳል። «ዳሬ» ጣቱን ሰውየው ላይ ይቀስራል፤ «ዶቺራ» ግን እጁን ወደ አድማሱ ያወዛውዛል። «የት?» ማለትም እንዲሁ ነው። ለወዳጅ «ዶኮ» ይባላል፤ ቦታን በነጥቡ ይጠይቃል። ለተከበረ ሰው ግን ያው «ዶቺራ» ይመጣል፤ ቦታውን ትቶ አቅጣጫውን ይጠይቃል። ባዕድ ሰው ጃፓን ሲገባ መጀመሪያ ከሚጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ኦኩኒ ዋ ዶቺራ ዴሱ ካ» የሚል ነው፤ «ክቡር አገርዎ በየት በኩል ይሆን?» እንደማለት። ጠያቂው የሚፈልገው የአገሩን ስም እንጂ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ የሚል መልስ አይደለም። አቅጣጫው ትሕትና ነው።

በአማርኛ ነገሩ በሌላ መንገድ መሄዱን አንባቢ ልብ ይበል። እኛ አክብሮትን የምናሳየው በግሱና በተውላጠ ስሙ ነው፤ «ማን ነህ፣ ማን ነሽ፣ ማን ነዎት» እንላለን፤ «ማን» ራሱ ግን ለእረኛውም ለንጉሡም አንድ ነው። ቢሆንም «ማን ነዎት?» ማለት፣ አንቱታው ሳይጎድል፣ ለጆሮ የሚሻክርበት ጊዜ አለ። ለዚያ ጊዜ «ማን ልበል?» የሚል ውብ ማምለጫ አለን። ጥያቄውን ከእንግዳው ላይ አንስተን በራሳችን ላይ እናዞረዋለን፤ እርስዎ ማን እንደሆኑ ሳይሆን እኔ ምን ማለት እንዳለብኝ ይንገሩኝ እንላለን። ጃፓኖች ቃሉን ወደ አድማስ ሸኙት፤ እኛ ወደ ራሳችን አዞርነው። የሸሸነው ነገር ግን አንድ ይመስለኛል።

ለምንድን ነው «ማን ነህ?» ማለት እንዲህ የሚከብደው? በጃፓን ለዚህ መልስ የሚሰጥ እጅግ የቆየ ምስክር አለ። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የተሰበሰበው «ማንዮሹ» ወደ 4,500 የሚጠጉ ግጥሞችን የያዘ የአገሪቱ ጥንታዊ የግጥም መድበል ነው። የመጀመሪያው ግጥም ዩርያኩ ለተባለው የ5ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሠ ነገሥት የተሰጠ ነው። ንጉሡ በኮረብታ ላይ ቅርጫት ይዛ ቅጠላ ቅጠል የምትለቅም ልጃገረድ ያያል፤ ቤቷንና ስሟን እንድትነግረው ይጠይቃታል፤ ቀጥሎም የአገሩ ሁሉ ገዥ እርሱ መሆኑን ያስታውቃል። ላይ ላዩን ሲታይ የመንገድ ላይ ትውውቅ ነው። በዚያ ዘመን ግን ወንድ የሴትን ስም መጠየቁ ለጋብቻ መጠየቁ ነበር፤ እርሷም ስሟን ከነገረችው እሺ ማለቷ ነበር። ስም ከሰውየው አካልና መንፈስ የማይለይ ነገር ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ ስምን መስጠት ራስን መስጠት ነበር።

ከዚህ ግጥም ውስጥ ሁልጊዜ ወደ ልቤ የምትመለስ አንዲት ጥቃቅን ነገር አለች። ንጉሡ ለቅጠል ለቃሚዋ ሲናገር ግሶቹን በአክብሮት መልክ ያወርዳቸዋል። እኔ የአገሩ ጌታ ነኝ የሚለው ሰው፣ «ትለቅሚያለሽ» እና «ንገሪኝ» በሚለው ቦታ ላይ አንቱታን የመሰለ ቅጥያ ይጨምራል። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን የፍቅር አክብሮት ይሉታል። እኔ ደግሞ ሌላም ነገር ይታየኛል፤ የሚጠይቀው ነገር እጅግ ውድ ስለሆነ ሥልጣኑ ብቻውን አይበቃውም። ማዘዝ የሚችል ሰው ሲለምን ማየት በጥንት ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም።

በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሙራሳኪ ሺኪቡ የተባለችው የቤተ መንግሥት ሴት «ገንጂ ሞኖጋታሪ»ን ስትጽፍ፣ ይኸው ያልተመለሰ «ማን?» አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተሸክሟል። ምዕራፉ «ዩጋኦ» ይባላል፤ ትርጉሙ «የምሽት ፊት» ሲሆን፣ ሲመሽ የሚፈካ ነጭ የቅል አበባ ስም ነው። ልዑል ገንጂ በአንድ ደሳሳ ቤት አጥር ላይ አበባውን አይቶ እንዲቀጠፍለት ያዛል፤ ከቤቱም በማራገቢያ ላይ የተጻፈ ግጥም ይላክለታል፤ የላኪዋ ማንነት ግን አይታወቅም። ገንጂ በሚመልሰው ግጥም ውስጥ ያቺ የድንግዝግዝ ቃል ትገባለች፤ ያኔ ገና «ታሶካሬ» ትባል ነበር፤ ጥያቄነቷም ገና አልደበዘዘም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ይፋቀራሉ፤ እርሱ ፊቱን ሸፍኖ ይመላለሳል፤ እርሷም ስሟን ስትጠየቅ ሳትናገር ታልፈዋለች። ሰው ወደተወው አሮጌ ቤት ወስዷት በዚያች ሌሊት በድንገት ትሞታለች። ማን እንደነበረች ገንጂ የሚያውቀው ከሞተች በኋላ ከደንገጡሯ ከኡኮን አፍ ነው። የምዕራፉ ኀዘን በመሞቷ ብቻ ያለ አይመስለኝም። የሚወዳትን ሴት «ማን ነሽ?» ብሎ በሕይወት ሳለች መልስ ሳያገኝ የቀረ ሰው ኀዘን ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህን ያህል ስለት ካለው፣ ሰዎች ስለቱን የሚሸፍኑበት ሰገባ መፈለጋቸው አይገርምም። ሰገባው ከየት መጣ? የቃላቱ ታሪክ ራሱ ይናገራል። በ8ኛው ክፍለ ዘመን «የት» ማለት «ኢዱኩ» ነበር፤ ቀጥሎ «ኢዱኮ» ሆነ፤ በመጨረሻ የፊተኛዋ «ኢ» ተበልታ «ዶኮ» ቀረ። «ወዴት አቅጣጫ» የሚለው «ኢዱቺ»ም ወንድም ቃል ነበር፤ ከእርሱ ወገን «ዶቺራ» ወጣ። «የቱ» የሚለው «ኢዱሬ» ደግሞ «ዶሬ» ሆነ። «ማን» ብቻ ከዚህ ቤተሰብ ውጭ ነበር፤ «ታ» ወይም «ታሬ» ይባል ነበር። ኋላ በኤዶ ዘመን፣ እነዚያ «ዶ»ን የሚያስቀድሙ ዘመዶቹ ስበውት ነው «ታሬ» ድምፁ ወፍሮ «ዳሬ» የሆነው። የማደጎ ልጅ የአሳዳጊዎቹን አነጋገር እንደሚይዝ ማለት ነው።

ሲጀመር «ዶኮ» እና «ዶቺራ» የማዕረግ ልዩነት አልነበራቸውም፤ አንዱ ቦታን፣ ሌላው አቅጣጫን ይጠይቅ ነበር፤ ይኸው ነው። አክብሮቱ የመጣው ከሌላ ልማድ ነው። ጃፓኖች ታላቅ ሰውን በስሙ መጥራት ቀርቶ በተውላጠ ስም ማመልከትን እንኳ ይፈሩ ስለነበር፣ ሰውየውን ትተው ያለበትን ወገን ያመለክቱ ጀመር። «ካታ» ማለት «አቅጣጫ» ነው፤ ዛሬ ግን «አኖ ካታ»፣ ማለትም «ያ አቅጣጫ»፣ «እኚያ ሰው» የሚባልበት የአክብሮት አነጋገር ነው። «ዶናታ»ም ከዚሁ ነው የተወለደው፤ ውስጡ ሲታይ «የትኛው ወገን» ነው። «አናታ» የሚለው ቃል ጥንት «ወዲያ ማዶ» ማለት ነበር፤ በኤዶ ዘመን «እርስዎ» የሚል ከፍ ያለ ትርጉም አገኘ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ «ሚካዶ» ሲባል «የተከበረው በር» መባሉ ነው፤ ከቻይንኛ የተወረሰው «ሄይካ» የተባለው ማዕረግም «ከደረጃው በታች» ማለት ነው፤ ተናጋሪው ንጉሡን ሳይሆን ከዙፋኑ ደረጃ ሥር የቆመውን አገልጋይ የሚያነጋግር አስመስሎ ይናገራል። በር፣ ደረጃ፣ ማዶ፣ አቅጣጫ... ሰው የለበትም።

ይህን ሁሉ ከውጭ መጥቶ በጽሑፍ ለመያዝ ቀድመው የታገሉት የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1603 በናጋሳኪ ያሳተሙት የጃፓንኛና የፖርቱጋልኛ መዝገበ ቃላት ከ32,000 በላይ ቃላትን ይዟል፤ የትኛው ቃል የሴቶች እንደሆነ፣ የትኛው የግጥም፣ የትኛው የክፍለ ሀገር እንደሆነ ምልክት ያደርጋል። ቀጥሎም ዧው ሮድሪጌስ የተባለው ፖርቱጋላዊ ከ1604 እስከ 1608 ባለው ጊዜ ውስጥ ትልቁን የጃፓንኛ ሰዋስው አሳተመ። ሮድሪጌስ በልጅነቱ እ.ኤ.አ. በ1577 ጃፓን ገብቶ ያደገ፣ ለሂደዮሺና ለኢየያሱ ያስተረጎመ ሰው ነበር፤ ጃፓኖቹም «አስተርጓሚው» በሚል ቅጽል ይጠሩት ነበር። በመጽሐፉ ስለ አክብሮት ግሶችና ቅጥያዎች በሰፊው አትቷል፤ ያለ እነርሱ ጃፓንኛ ሊነገር እንደማይችል በሕይወቱ ያውቅ ነበርና።

እኔ ይህን መጽሐፍ ባሰብሁ ቁጥር አንድ ነገር በዓይነ ኅሊናዬ ይመጣል። የንስሐ አባት ሥራው መጠየቅ ነው። ምን አደረግህ፣ ስንት ጊዜ፣ ከማን ጋር፣ የት። በዚያ ዘመን ከተጠመቁት ጃፓናውያን መካከል ግን ታላላቅ መሳፍንት ነበሩ፤ የቡንጎው ኦቶሞ ሶሪን እ.ኤ.አ. በ1578 ተጠምቋል። ከአገሬው ሰው ማንም ቀና ብሎ የማያየውን መስፍን፣ ባዕዱ ቄስ በየትኛው «ማን» ይጠይቀው? በ«ዳሬ» ቢጠይቀው መስፍኑ ተደፈርሁ ይላል፤ በአቅጣጫ ቃል ቢጠይቀው ደግሞ ኀጢአቱም አብሮ ወደ አድማስ ይሸሻል። ዲየጎ ኮላዶ የተባለ ዶሚኒካዊ እ.ኤ.አ. በ1632 በሮም የጃፓንኛ የኑዛዜ መጽሐፍ እስከማሳተም ደርሷል። ያኔ ግን ክርስትና በጃፓን ከተከለከለ ዓመታት አልፈው ነበር፤ መጽሐፉ ወደ አገሩ በነፃነት የሚገባበት በር አልነበረም።

በኤዶ ዘመን ሰው ሁሉ በየማዕረጉ ተሰልፎ ሲኖር የክብር ቃላት እንደ ገንዘብ ተመነዘሩ፤ እንደ ገንዘብም ረከሱ። ይህ የጃፓንኛ አንዱ ጠባይ ነው፤ የክብር ቃል በተደጋገመ ቁጥር እያለቀ ይሄዳል። «ኪሳማ» የሚለው ቃል በፊደሉ «ክቡር ጌታ» ነው፤ በመሳፍንትና በወታደሮች ደብዳቤ ላይ በአክብሮት ይጻፍ ነበር። ዛሬ ጠብ ሲነሳ የሚወረወር ስድብ ነው። «ኦማኤ» «የተከበረው ፊት ለፊት» ማለት ነበር፤ ዛሬ ሻካራ «አንተ» ነው። ያ «ወዲያ ማዶ» የነበረው «አናታ» እንኳ ዛሬ ለአለቃ ወይም ለመምህር አይባልም። የጥያቄ ቃላቱም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። «ዶናታ» ጨዋ ቃል ሆኖ ሳለ፣ በመሥሪያ ቤት ስልክ ላይ ብቻውን ሲነገር ደረቅ ይመስላል ተብሎ «ዶቺራ ሳማ» ተመረጠ። እንዲያውም «ነዎት?» የሚለው ማሰሪያ በቀጥታ እንዳይወርድ «ይሆኑ ይሆን?» ወደሚል ግምት ይለዘባል። ትሕትናው በተጠጋው ቁጥር ስለሚያረጅ፣ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር ሥነ ጽሑፍ ምን ዓይነት ፈተና ገጠመው ብንል፣ የሜይጂ ዘመን ደራስያንን ማየት ይበቃል። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ከፍ ያለ ጽሑፍ የሚጻፈው በጥንታዊው ቋንቋ ነበር። ፉታባቴይ ሺመይ እ.ኤ.አ. ከ1887 እስከ 1889 «ኡኪጉሞ» የተባለውን ልብ ወለድ በሚነገረው ቋንቋ ሲጽፍ ከባዱ ችግር የዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ ነበር፤ ደራሲው አንባቢውን በየትኛው ማዕረግ ያነጋግረው? ፉታባቴይ «ዳ» የተባለውን ደረቅ ማሰሪያ መረጠ፤ ያማዳ ቢምዮ «ዴሱ» የተባለውን ጨዋ ማሰሪያ ያዘ፤ ኦዛኪ ኮዮ ቆይቶ «ዴ አሩ»ን አለመደ። ለእኛ ቀላል የሚመስለው ምርጫ ለእነርሱ የዘመን ጥያቄ ነበር፤ ማሰሪያው ሲመረጥ የጥያቄ ቃሉም አብሮ ይመረጣልና። «ዳሬ ዳ» እና «ዶናታ ዴሱ ካ» በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ፣ ደራሲው ምንም ሳይገልጽ አንባቢው ማን ከማን በላይ እንደሆነ ያውቃል። የጃፓንኛ ልብ ወለድ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ይህ ነው።

በዚያው በ1889 የሜይጂ ሕገ መንግሥት ወጣ፤ እርሱ ግን በጥንታዊው ቋንቋ ነበር የተጻፈው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንን ሲያረቅቁ መነሻ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ «ፋቡላ»ን የጻፉት እኚያው ሰው ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይም በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጽፈዋል። አባቶቻችን ያዩዋት ጃፓን ያቺ በፋብሪካዋ የሠለጠነች፣ በቋንቋዋ ግን ገና በየደረጃው የምትሰግድ ጃፓን ነበረች።

ከጦርነቱ በኋላ ስግደቱን ለማሳጠር በመንግሥት ደረጃ ሙከራ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1946 የወጣው አዲሱ ሕገ መንግሥት፣ ያማሞቶ ዩዞን በመሳሰሉ ደራስያን ጉትጎታ፣ በሚነገረው ቋንቋ ተጻፈ። በሚያዝያ 1952፣ የጦር አሸናፊዎቹ አስተዳደር በይፋ ባበቃበት በዚያው ወር፣ የብሔራዊው የቋንቋ ምክር ቤት «ከእንግዲህ የሚኖረን የአክብሮት አነጋገር» የሚል ሰነድ አወጣ። የቀድሞው አክብሮት በበላይና በበታች ላይ የቆመ ነበር፤ የወደፊቱ ግን በሰዎች የእርስ በርስ መከባበር ላይ ይቁም፤ አነጋገሩም ቀለል ይበል የሚል ነው። «አናታ» ለሁሉም ሰው የሚሆን መደበኛ «አንተና እርስዎ» እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ።

ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ አልያዘም እንጂ። ሕዝቡ «አናታ»ን ለሁሉም አላደረገውም፤ እንዲያውም ለበላይ ከሚነገር ቃል ተራ አስወጣው። ለሚስትና ለባል፣ ለማስታወቂያና ለመጠይቅ ቅጽ ቀረ። ሰው ሲነጋገር ስምንና ማዕረግን መደጋገምን መረጠ፤ ሲጠይቅም ያው አቅጣጫን ያዘ። በየካቲት 2007 የባህል ጉዳይ ምክር ቤት አዲስ መመሪያ ሲያወጣ፣ በትምህርት ቤት በሦስት ክፍል ይታወቅ የነበረውን የአክብሮት አነጋገር ወደ አምስት ከፈለው። ከሃምሳ አምስት ዓመት በፊት ያጥር የተባለው መሰላል ሁለት ደረጃ ተጨመረለት ማለት ነው፤ ይህ እንኳ ለሊቃውንቱ ፍረጃ እንጂ ለተናጋሪው አዲስ ሸክም አልነበረም፤ ሲሸከመው የኖረውን ነው የቆጠሩለት።

የክብር ልብስ ያልተሰፋላቸው የጥያቄ ቃላት መኖራቸው ደግሞ ሌላው የምደነቅበት ነገር ነው። «ማን»፣ «የት»፣ «የትኛው» ወደ አቅጣጫ ሸሽተው ከበሩ። «እንዴት» ሁለት መልክ አለው፤ ለወዳጅ «ዶ» ይባላል፤ ለእንግዳ ጥንታዊው «ኢካጋ» ተቀምጦለታል፤ እንደ ሠርግ ዕቃ ከሣጥን የሚወጣ ቃል ነው። «ስንት» ከፊቱ «ኦ» የምትባል የክብር ምዕላድ ይደረግለትና «ኦይኩትሱ» ይሆናል፤ «ክቡር ስንትዎ ነው?» ተብሎ ዕድሜ ይጠየቅበታል። በምግብ ቤት በር ላይም እንግዳው በሰው ቁጥር «ናንሜይ ሳማ» ተብሎ ይጠየቃል፤ መላሹ ግን «ሁለት ክቡራን ነን» ሊል አይችልም፤ ክብሩ የሚፈስሰው ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው። «ምን» እና «መቼ» የክብር አቻ የላቸውም፤ ነገርና ጊዜ ስለሚጠየቅባቸው ብዙ አይጎዱም፤ ማሰሪያው ይሸፍናቸዋል።

ችግሩ «ለምን» ላይ ነው። ለ«ለምን» አቅጣጫ የለውም። «ናዜ» አለ፣ «ዶሺቴ» አለ፣ የወዳጆቹ «ናንዴ» አለ፤ የመጽሐፍ ቋንቋው «ናኒዩኤ» አለ፤ ለ«ማን» «ዶናታ» እንደተገኘለት ግን ለ«ለምን» የሚያከብር መንታ አልተገኘለትም። ማሰሪያው የቱንም ያህል ቢለዝብ፣ «ለምን?» የተባለው ሰው ምክንያት ማቅረብ አለበት፤ ምክንያት የሚያቀርብ ደግሞ የበታች ነው። የአለቃን ፍላጎት በቀጥታ መጠየቅም እንዲሁ ያስነውራል። «ቡና መጠጣት ይፈልጋሉ?» ብሎ በግሱ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ በጃፓን ግን የሰውን ልብ ገልጦ እንደማየት ይቆጠራል። ስለዚህ «ቡና ኢካጋ ዴሱ ካ» ይባላል፤ «ቡና እንዴት ይሆን?»። ፍላጎቱ በእንግዳው ልብ ውስጥ እንደተከደነ ይቀራል። ይህ ልማድ የሚያስከብር ብቻ አይደለም፤ የሚያፍንም ነው። «ለምን» ወደ ላይ መውጣት በማይችልበት ቤት ብዙ ነገር ሳይጠየቅ ያልፋል፤ ለአለቃ ሲናገሩ ዝምታን የመረጡ ሰዎችን ሁሉ ጨዋ ናቸው ብሎ ማለፍ ለእኔ ይከብደኛል።

ቢሆንም እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚያሳርፍበትም ጊዜ አለ። በጃፓን ሰፈር ውስጥ ጎረቤት ለጎረቤት፣ ለመውጣት ለብሶ ሲያየው፣ «ዶቺራ ማዴ?» ይለዋል፤ «እስከ ወዴት ድረስ?»። እኛም «ወዴት ነው?» ብለን የምናልፈው ዓይነት ሰላምታ ነው። የተጠየቀው ሰው ሐኪም ቤት ይሂድ፣ ዕዳ ሊለምን ይሂድ፣ ወይም ሊያለቅስ ወደ መቃብር ይሂድ፣ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ቾቶ ሶኮ ማዴ»፣ «ለጥቂት፣ እስከዚያች ድረስ»። «እዚያች» የት እንደሆነች ጠያቂው አይጨነቅባትም፤ መላሹም በጣቱ አያመለክትም። ጠያቂው «ኢቴራሻይ»፣ ማለትም «ሄደው ይመለሱ» ብሎ ወደ መጥረጊያው ይመለሳል።